«ለነገ ጠዋት ይድረስልን» ለምትሉን ሁሉ፦ ከደሴ ማተሚያ ሱቅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልድያና በከሚሴ ለምትገኙ መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነትና የግዥ ክፍሎች፤ ለትምህርት ቤቶች፣ ለዕድሮች፣ ለጽዋ ማኅበራትና ለመስጊድ ጀመዓዎች፤ እንዲሁም ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለሙት ዓመት ለምታሳትሙ ወገኖቻችን።

ጉዳዩ፦ ለኅትመት ይዛችሁልን ስለምትመጡት ዲዛይን።

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንዴት ከረማችሁ?

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የዲዛይንና የኅትመት ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። አንድ ዲጂታል ማተሚያ፣ አንድ ባለ አንድ ቀለም አሮጌ ኦፍሴት (በሰሌዳ የሚያትም ማሽን)፣ አንድ የባነር ማሽንና አንድ ሂት ፕሬስ (በሙቀት እየተጫነ የሚያትም) አለን። ጓሮ ደግሞ የስክሪን ፕሪንት ጠረጴዛ አለ። የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። የማንንም ስም አላነሣም። ከጥፋቶቹ ውስጥ ትልልቆቹ የራሴ ስለሆኑም ብዙ የምመጻደቅበት ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንድ ወንድማችን ገባ። ዳገቱን በእግሩ ነው የወጣው፤ ላብ በላብ ሆኗል። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «120 ሰርተፍኬት፤ ለነገ ጠዋት 2 ሰዓት» አለ። ከፈትነው። የወርድ ፋይል ነው። አማርኛ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ኮማና የጥያቄ ምልክት ተደበላልቆ ተደርድሯል።

«ቢሮ ስንከፍተው ደህና ነበር እኮ!» አለ።

እውነቱን ነው። ቢሮ ደህና ነበር። ችግሩ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከውስጡ አማርኛ አለመሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛውን ቁልፍ ነው። ፎንቱ ከላይ የአማርኛ ጭንብል ያጠልቅለታል። ያ ፎንት የሌለበት ማሽን ላይ ፋይሉ ሲከፈት ጭንብሉ ይወልቃል። ፊደላችን የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሲያካትተው ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም ብትሄድ «ሀ» ናት። ኒያላ፣ አቢሲኒካና ኖቶ በዩኒኮድ የተሠሩ ፎንቶች ናቸው። ብዙ መሥሪያ ቤት ግን እስከ ዛሬ በድሮው ይጽፋል። ጸሐፊዋ ጣቷ የለመደው እሱን ነው፤ አልፈርድባትም።

ያን ቀን ምን ሆነ? ቁጭ ብለን 120 ስም እንደገና ጻፍን። የስም ዝርዝሩ በስልክ ተነበበልን። «ሁሴን» በሃሌታው ሀ ነው በሐመሩ ሐ? «ዓሊ» በዓይኑ ነው በአልፋው? ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይህን ማን ይወስናል? ሰውየው «እንደመሰላችሁ አድርጉት» አለን። ሰርተፍኬት እኮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው። ሰው ስሙ ተሳስቶ 20 ዓመት እንዲያየው እኛ እንደመሰለን መጻፍ የለብንም።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጽሑፉን ጨርሳችሁ ስታዩት ደህና ከሆነ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፒዲኤፍ ፎንቱን ውስጡ ይዞ ስለሚጓዝ የትም ሲከፈት መልኩ አይለወጥም። ኮረል ወይም ኢሉስትሬተር የሚጠቀም ዲዛይነር ካላችሁ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይቀይርላችሁ። እኛ «ከርቭ አድርገው» የምንለው እሱን ነው። ግን አደራ፣ ያልተቀየረውንም ኮፒ አስቀሩ። አንዴ ከርቭ ከሆነ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱንም አምጡልን።

ቀጥሎ ወደ ፎቶ ልሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

አንዲት እህታችን ለአባቷ ሙት ዓመት መታሰቢያ ልታሳትም መጣች። ሽፋኑ ሙሉ ገጽ የአባቷ ፎቶ እንዲሆን ነው የፈለገችው። ፎቶው ስልኳ ላይ ነው። ወንድሟ ግድግዳ ላይ ያለውን ከነመስታወቱ አንሥቶ በቴሌግራም ለአክስቷ ልኮ፣ አክስቷ ለእሷ፣ እሷ ደግሞ ለእኛ። የአምፖሉ ነጸብራቅ በግራ ትከሻው ላይ ተኝቷል። በስልክ ሲታይ ያምራል። ወደ ኤ4 ሲዘረጋ ግን የአባትየው ፊት የጡብ ግድግዳ መሰለ።

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ያኮማትረዋል። ረጅሙ ጎኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1,280 ነጥብ ይወርዳል። ለኅትመት የምንፈልገው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። 1,280ን ለ300 አካፍሉት፤ 4 ኢንች ከምናምን ይመጣል። ከ11 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ማለት ነው። የኤ4 ሽፋን ግን 2,480 በ3,508 ነጥብ ይፈልጋል። የጎደለውን ነጥብ ኮምፒውተር ከየትም አያመጣውም። ያለውን ጎትቶ ያሰፋዋል እንጂ።

«ቤት ያለውን ፎቶ ራሱን ማምጣት ይቻላል?» አልኳት። በማግሥቱ ይዛ መጣች። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ፣ የጥንት ፎቶ ቤት ሥራ፣ መጠኑ ከመዳፍ አይበልጥም። በስካነር በኢንች 600 ነጥብ ላይ አነሣነው። የኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር መሰፋቱ ሁሉ ታየ። እሷ ክሩን ስታይ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። «እማዬ ናት የሰፋችው» አለች። በቴሌግራሙ ፎቶ ላይ ያ ቁልፍ ጨርሶ አልነበረም።

ስለዚህ ወረቀቱ ካለ ወረቀቱን አምጡ። በስልክ ብቻ ያለ ከሆነ «በፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ ያኔ አይኮማተርም። የመሥሪያ ቤት ዓርማ ከሆነም ከፌስቡክ ገጻችሁ ላይ አውርዳችሁ አትላኩልን። መጀመሪያ የሠራላችሁን ልጅ ፈልጉና የቬክተሩን ፋይል ተቀበሉት። ቬክተር በመስመር ስሌት የተሠራ ስለሆነ እስክሪብቶ ላይም ሆነ ሕንፃ ላይ ቢወጣ አይፈርስም። ዓርማውን ከደብዳቤ ላይ ከነማኅተሙ ስካን አድርገው የሚያመጡልን አሉ። ማኅተሙን ከዓርማው ላይ ለማንሣት ስንታገል ግማሽ ቀን ይሄዳል። ያ ግማሽ ቀን ሒሳብ ላይ ሲገባ ደግሞ «ውድ ናችሁ» እንባላለን።

ቀለም ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሌም አንድ ነው። «ስልኬ ላይ እንዲህ አይደለም!» ልክ ነው፤ አይደለም። ስልክ ቀለም የሚፈጥረው በብርሃን ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ። እኛ ግን ነጭ ወረቀት ላይ ቀለም እየደረብን ነው የምንሠራው፦ ሲያን (ውኃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር። ሰንደቅ ዓላማችንን እንኳ ብትወስዱ አረንጓዴው ሲያንና ቢጫ ተደርበው፣ ቀዩ ማጀንታና ቢጫ ተደርበው ነው የሚወጡት። ቢጫው ብቻ ነው ከቆርቆሮው በቀጥታ የሚመጣው። ስልክ ላይ እንደ መብራት የሚያበራው ያ ደማቅ አረንጓዴ በእነዚህ አራት ቀለሞች አይገኝም። በሐምሌ ዝናብ ያረፈበትን የቦሩ ሜዳ ሣር ወረቀት ላይ ላምጣው ብል አልችልም። ዲዛይነራችሁ ሥራውን ሲጀምር በእነዚሁ አራት ቀለሞች፣ ማለትም በሲኤምዋይኬ፣ ይጀምር። መጨረሻ ላይ ሲቀየር ነው ሁሉም የሚደነግጠው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ 32 ገጽ ያለው መጽሔት 1,000 ቅጂ አተምኩ። ዲዛይኑን የሠራሁት እኔው ነኝ። የጽሑፉ ጥቁር ከአራቱም ቀለም የተሠራ ጥቁር መሆኑን ሳላይ ፕሌት (ለየቀለሙ የሚወጣውን የማተሚያ ሰሌዳ) አወጣሁ። የኔ ኦፍሴት ባለ አንድ ቀለም ስለሆነ አንዱ ወረቀት አራት ጊዜ ነው የሚያልፍበት። በአንዱ ዙርና በሌላው መካከል ወረቀቱ ቁጭ ብሎ ያድራል። የደሴን የነሐሴ ጉም ታውቁታላችሁ፤ በመስኮት ገብቶ ቡና የሚጠጣ ነው የሚመስለው። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፤ ያውም ወደ አንድ ጎኑ አብልጦ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሰፋ በቂዋ ናት። እያንዳንዱ ፊደል ከጎኑ ሮዝ ጥላ አበቀለ።

የመጽሔቱ ባለቤት አንዱን አንሥተው ራቅ አደረጉት፤ ቀረብ አደረጉት። «መነጽሬን ልቀይር ወይስ ይሄን ትቀይራለህ?» አሉኝ። ቀየርኩት። 1,000ውንም፤ በራሴ ኪሳራ። ከዚያ ወዲህ የጽሑፍ ጥቁር ከጥቁር ቀለም ብቻ እንዲሆን ሳላረጋግጥ ፕሌት አይወጣም። ወረቀቱም ከመታተሙ በፊት ማሽኑ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ያድራል። ክረምት ላይ «ለምን አንድ ቀን ጨመራችሁ?» ስትሉን ምክንያቱ ይሄ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ እነሱ ጋ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ወረቀቱ እንደኛው አይቸገርም።

ስለ ጠርዝም አንድ ነገር ልበል። ሐይቅ እስጢፋኖስን የተሳለማችሁ ስለ ወንጌለ ኢየሱስ ሞዓ ሳትሰሙ አትቀሩም፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ብራና ነው። የብራና ጸሐፊ ሥራውን ሲጀምር ቀለም አያነሣም። መጀመሪያ ብራናውን ይወጥራል፣ ይፍቃል፣ ያለሰልሳል። ከዚያ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋና ከቀዳዳ ቀዳዳ ያሰምራል። ኅዳጉን ሰፊ አድርጎ ይተዋል። ጽሑፉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አንድ ፊደል ሳይጻፍ ታውቋል።

የኛ ወስፌ ሦስት ሚሊ ሜትር ናት። መቁረጫ ማሽን በአንድ ጊዜ ብዙ ወረቀት ነው የሚቆርጠው፤ ጥቂት መንሸራተት አይቀርም። የጀርባው ቀለም እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ ሦስት ሚሊ ሜትር አስተርፋችሁ ዘርጉት። እኛ ብሊድ እንለዋለን። ያለዚያ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ጠርዙ ላይ ይቀራል። ጽሑፍና ፊት ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ አምስት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ሰርተፍኬት ላይ ሐረግ የምትወዱ ሰዎች ይሄን ልብ በሉልኝ። ሐረጉን ጠርዝ ላይ ስትለጥፉት በአንዱ ጎን ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ሆኖ ይቆረጣል። ወደ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ሳቡት፤ ማንም ልዩነቱን አያየውም። ሐረግ እንዲያውም አየር ሲያገኝ ነው ሸጋ የሚሆነው።

መጽሔት ከሆነ ደግሞ በመሃል በሽቦ የሚሰፋው ገጹ በአራት መካፈል አለበት። 30 ገጽ የሚባል የለም። ወይ 28 ወይ 32 ነው። «ሁለት ገጽ የመልካም ምኞት መግለጫ ጨምሩበት» የሚል መልስ ስንሰጣችሁ እየቀለድን አይደለም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ በምን ይታተም?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው። ሰው የሚጠይቀን «አንዱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «ስንት ቅጂ ነው፣ በምን ላይ ነው፣ ምን ያህል ጊዜ እንዲቆይ ነው?» ተብሎ ነው።

ኦፍሴት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለየቀለሙ ፕሌት ይፈልጋል። አንድ ቅጂም ይታተም አንድ ሺ የፕሌቱ ወጪ ያው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ይረክሳል። ዲጂታል ፕሌት የለውም፤ ከፋይሉ በቀጥታ ነው። ግን 5ኛውም 500ኛውም ቅጂ ዋጋው አንድ ነው። እኛ ሱቅ መታጠፊያው ከ300 እስከ 500 ቅጂ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ዲጂታል እንላለን። 60 ብሮሸር ይዞ መጥቶ «ኦፍሴት ይሁንልኝ፣ ጥራት አለው» የሚል ደንበኛ አለ። አብሽር፣ በዲጂታሉም ያምራል። ስሙ እየቀያየረ የሚሄደው ግብዣ ወይም ሰርተፍኬትም የሚስማማው በዲጂታል ነው።

የደረሰኝ ጥራዝ፣ ባለ ካርቦን ቅጽ፣ ባለ አንድ ቀለም ደብዳቤ ራስጌ፣ እነዚህ ለኔ አሮጌ ኦፍሴት የተፈጠሩ ናቸው። አንድ ቀለም፣ አንድ ፕሌት፣ ብዙ ቅጂ።

ቲሸርት ሌላ ዓለም ነው። ስክሪን ፕሪንት ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም እንወጥራለን። ፍሬሙ ላይ የተወጠረው ጨርቅ ብርሃን ሲያገኝ የሚጠነክር ኢሙልሽን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ በዲዛይኑ ፊልም ጥቁር የተሸፈነው ቦታ ሳይጠነክር ይቀርና በውኃ ይታጠባል። ቀለሙ በዚያ ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ባለ ሁለት ቀለም ዓርማ ሁለት ፍሬም፣ ባለ አምስት ቀለም አምስት ፍሬም። ጥቁር ቲሸርት ላይ ከሆነ ከሥር ነጭ ስለሚነጠፍ አንድ ይጨመራል። እንግዲህ ከቀይ ወደ ብርቱካናማ እየደበዘዘ የሚሄድ፣ ጥላ ያለው፣ የሚያብለጨልጭ ዓርማ ይዛችሁ «40 ቲሸርት» ስትሉን ፊታችን የሚለዋወጠው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና ማኅበር የዓርማውን ባለ አንድ ቀለም መልክ አሠርቶ ያስቀምጥ። ለቲሸርትም፣ ለማኅተምም፣ ለቦርሳም እሱ ነው የሚያገለግለው። ለግሸን ጉዞ ቲሸርት የምታሠሩ ማኅበራት ደግሞ መስከረም 21 በየዓመቱ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። መስከረም 18 አትምጡብን።

ሳብሊሜሽን የሚባለው አለ። ፎቶ በኩባያ ላይ የሚወጣው በእሱ ነው። ቀለሙ በሙቀት ተንኖ ፕላስቲክነት ያለው ነገር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፖሊስተር ጨርቅ ይፈልጋል፤ ያውም ነጭ ወይም ፈዛዛ። ጥጥ ላይ ከተሠራ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። «ባለፈው ያሠራነው ለቀቀ» የምትሉን አብዛኛው ይሄ ነው። ጥጥ ከሆነ ስክሪን፣ የስፖርት ማሊያ ከሆነ ሳብሊሜሽን።

ባነር በጣም የምንሠራው እሱን ነው፤ በጣም የሚበላሸውም እሱ ነው። የጥራት ነገር ብዙ አያስጨንቃችሁ። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ በትክክለኛ መጠኑ በአንድ ኢንች 100 ነጥብ (100 ዲፒአይ) ይበቃዋል። የሚያስጨንቀው ጽሑፉ ነው። በሦስት ሜትር ባነር ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስም፣ መሪ ቃሉ፣ የክብር እንግዳው፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የአጋር ድርጅቶች ዓርማ፣ ከዚያም ሦስት መስመር ዓላማ። ማን ቆሞ ያነባል? አንዱ አይጠየፍ አዳራሽ አካባቢ በባጃጅ እያለፈ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ነው ያለው።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። «ሸ» እና «ሹ»፣ «ቀ» እና «ቁ»፣ «ኒ» እና «ኔ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ወይም በአንዲት ቀለበት ነው። ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ጭረት ናት ቀድማ የምትጠፋው። በጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ሲጻፍ ደግሞ ቀለሙ ስለሚፈስስ ቀለበቷ ትደፈናለች። እንግሊዝኛው በ7 ነጥብ የፊደል መጠን ከተነበበ አማርኛው በዚያው መጠን አይነበብም። የኔ ልክ ለመጽሔት ከ9 ነጥብ በታች አለመውረድ ነው። ጨለማ ጀርባ ላይ ከሆነም ደመቅ ያለውን የፎንቱን መልክ መጠቀም።

የዐረብኛውን ነገር ሳላነሣ ብቀር ወሎዬ አይደለሁም። እኛ አገር አንድ ባነር ላይ ግዕዝና ዐረብኛ ጎን ለጎን ይወጣል። አንድ ዓመት ለመውሊድ ባነር ሠራን። ጽሑፉን ከስልክ ላይ ኮፒ አድርጌ ዲዛይኑ ውስጥ ለጠፍኩት። አላነብም፤ ግን አምሮ ታየኝ። ባነሩ በር ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ አንድ አባት በምርኩዛቸው ቆም አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ፊደል ተበታትኗል እኮ» አሉኝ።

«እንዴት አባባ?»

«የዐረብኛ ፊደል እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚሄደው። ይሄ ተጣልቶ ለየብቻው ቆሟል። ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ነው የተጻፈው።»

የሶፍትዌሩ ነገር ነው። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍን ጽሑፍ የማያውቅ ፕሮግራም ፊደሎቹን ነጣጥሎ ይገለብጣቸዋል። ባነሩን ጣልኩትና እንደገና ሠራሁ። አሁን ዐረብኛ ያለበት ሥራ ሲመጣ ማንበብ የሚችል ሰው ሳያየው አላትምም። እናንተም ጽሑፉን ስትልኩ በቴሌግራም ጽሑፍ ብቻ አትላኩ፤ ትክክለኛው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ፎቶም አያይዙ።

ነፋስን በተመለከተ ባጭሩ። ከጦሳ የሚወርደውን ታውቁታላችሁ። ባነር መንገድ ላይ የሚወጠር ከሆነ ጠርዙ ታጥፎ እንዲበየድና ቀለበቶቹ ቀረብ ቀረብ ብለው እንዲገቡ አስቀድማችሁ ንገሩን። በአራት ማዕዘኑ ብቻ የታሰረ ባነር ሁለት ሌሊት አያድርም።

የግዥ ክፍሎች፣ ይሄ ለናንተ ነው።

ፕሮፎርማ ስትበትኑ የምትጽፉት ብዙውን ጊዜ «መጽሔት፣ 500 ቅጂ፣ የአንዱ ዋጋ ____» ነው። በዚህ ላይ ሦስት ሱቅ ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚሞላው። አንዱ ውስጡን በ80 ግራም ተራ ወረቀት (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው)፣ ሽፋኑን በ150 ያስባል። ሌላው ውስጡን በ115 ግራም አርት ፔፐር (ገጹ የተለበጠ ለስላሳ ወረቀት)፣ ሽፋኑን በ300 ከነላሚኔሽኑ (ከነስስ የፕላስቲክ ልባጡ)። ርካሹ ያሸንፋል። ከዚያ መጽሔቱ ሲመጣ የዚያኛው ገጽ ፎቶ በዚህኛው በኩል ያሳያል፤ ሽፋኑም በሳምንቱ ይጠቀለላል። ያኔ «የደሴ ማተሚያ አይረባም፣ ሸገር ነው ማሠራት» ይባላል።

እንዲህ ብላችሁ ጻፉልን፦ ኤ4፣ ከነሽፋኑ 32 ገጽ፣ ውስጡ 115 ግራም አርት ፔፐር ሙሉ ቀለም፣ ሽፋኑ 250 ግራም ባለ ማት (የማያብረቀርቅ) ላሚኔሽን፣ በሁለት ሽቦ የተሰፋ፣ 500 ቅጂ፣ ዲዛይኑ በአሳታሚው የሚቀርብ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይሄ ሲጻፍ ሦስታችንም ስለ አንድ ዕቃ ነው የምንወዳደረው። ርካሹን ብትመርጡም አልቀየምም።

ሁለተኛ፣ የናሙና ፊርማ። እኛ ሁሉን ከማተማችን በፊት አንድ ቅጂ እናወጣለን። እሱን የሚያይ ሰው ላኩልን። የሚላከው ግን ብዙውን ጊዜ ሞተረኛ ነው፤ ወይም «በቴሌግራም ላኩልኝ፣ አየዋለሁ» ይባላል። በቴሌግራም የሚታየው የስልክ ብርሃን እንጂ ወረቀቱ አይደለም። የሚመጣው ሰው ደግሞ የመወሰን ሥልጣን ይኑረው። ስም የሚያውቅ፣ ማዕረግ የሚያውቅ፣ «አቶ» እና «ዶ/ር» የሚለይ። እሱ ካየና ከፈረመ በኋላ የሚገኝ የፊደል ስህተት የእናንተ ነው፤ የቀለምና የመቁረጥ ስህተት የኛ ነው። ፊርማ ከሌለ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ እንዳኮረፍን እንቀራለን። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ ተኮራርፈን የት እንሄዳለን?

ሦስተኛ፣ ጊዜ። ለዲጂታል ሁለት የሥራ ቀን፣ ለስክሪን አራት፣ ለኦፍሴት መጽሔት ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ አሥር ቀን ስጡን። መብራት ሲጠፋ የሚባክነውን እኛ እንችለዋለን። ጄኔሬተሩ ባነር ማሽኑን ያንቀሳቅሳል፤ ኦፍሴቱን ግን አይችለውም።

እኛም በበኩላችን ከዚህ ወር ጀምሮ በራችን ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ለጥፈናል። ምን ዓይነት ፋይል ይዛችሁ እንደምትመጡ፣ በምን መጠን፣ በምን ቀለም ተጽፏል። ኮፒውን በነፃ ውሰዱ። የምታውቁት ዲዛይነር ካለም ስጡት፤ ለሌላ ማተሚያ ቤት የሚሠራም ቢሆን።

ከአክብሮት ጋር
ከደሴ፣ ፒያሳ፣ ኅትመት ሠራተኛው ወንድማችሁ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓርብ 120 ሰርተፍኬት ይዞ የሄደው ወንድማችን፣ ፍላሽህ እኛ ጋ ቀርቷል። ሰማያዊ ክዳን ያለው ነው። ከሰርተፍኬቶቹም አንዱን ትርፍ አትመን አስቀምጠንልሃል፤ «ሑሴን» በሐመሩ ሐ። በሃሌታው የተጻፈለት ልጅ ካኮረፈ መጥተህ ውሰድለት።